የማይወርድ ምርቃና

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ቁልፍ ነው። ፋብሪካችን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ለእያንዳንዳችን ትንሽ የብረት ሣጥን አለን፤ የራሴን ለዓመታት ሳላየው ነበር የምከፍተው። አንድ ቀን ጠዋት ቁልፉ አልገባም አለ። ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ። ጥፋቱ የቁልፉ ሳይሆን የእጄ መንቀጥቀጥ መሆኑ የገባኝ፣ ከኋላዬ የቆመችው ልጅ "አምጪ ልክፈትልሽ" ስትለኝ ነው። "ቁርስ ስላልበላሁ ነው" አልኳት። በልቼ ነበር። ያውም የሁለት ሰው።

ይህን የምጽፈው እጁ ለሚንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍ ለከዳው፣ ሰው ደግሞ "ምን ያለ ጉልበት ነው" እያለ ለሚያደንቀው ነው። መሥሪያ ቤቱ ኮች የሚባል የሥራ አሰልጣኝ ይዞለት ምን እንደሚጠብቀው ግራ ለገባው ሰውም ይሆናል። በኔ ላይ ሁለቱ ተደባልቀው ስለመጡ ለይቼ ማውራት አልችልም።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። ሳቢያን ሰፈር ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። የምሠራው መኮሮኒ ፋብሪካ ሲሆን፣ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። በጽዳት ጀምሬ ነው እዚህ የደረስኩት። ያን ሰሞን የኔን ፈረቃ የሚያህል የሚያሽግ አልነበረም። ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ብቻዬን እይዛለሁ፣ ምሳ ቆሜ እበላለሁ፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ መልሱን እሰጣለሁ። "ማሽኗ" ይሉኝ ነበር። ምን ልዋሽ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ሌላው ምልክት ቀስ እያለ መጣ። ሞቀኝ ስል የሚሰማኝ አልነበረም፤ ድሬ ላይ ሞቀኝ ማለት ምን ዜና ነው? ቀሚሶቼ ሰፉኝ፤ ሰው "አማረብሽ፣ ምን ተጠቅመሽ ነው?" አለኝ። እበላለሁ፣ እከሳለሁ። የወር አበባዬ ተዛባ። ስተኛ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ተነስቼ የታጠበ ዕቃ መልሼ አጥባለሁ።

በኛ ከተማ ዓይኑ የፈጠጠ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ሲታይ ጥያቄው አንድ ነው፦ "ጀመረች እንዴ?" ጫት ማለታቸው ነው። እኔ በሕይወቴ ቅጠሉን አፌ ውስጥ አድርጌ አላውቅም። ግን ማን ያምናል? አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እማዬ ልትስመኝ መስላ ጠጋ አለችና አፌን አሸተተች። የአርባ አንድ ዓመት ሴት ነኝ እኮ። "ምን እያደረግሽ ነው?" ስላት፣ "ምንም" አለች። በማግስቱም አሸተተች። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ስሄድም የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንት ትቅሚያለሽ?" ነበር። አልቅምም ስል ሰውዬው ፈገግ ብሎ "ቀንሺ" አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ፤ ሐኪም ቤት የሚባል ነገርም አስጠላኝ።

በዚህ መሃል የምርት ክፍል ኃላፊያችን ጡረታ ሊወጣ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ስለሆነ "እርስዎ" እያለ ነው የሚያናግረን፤ እስካሁንም አልለመድነውም።

"ለቦታው እርስዎን አስቤያለሁ" አለኝ። "ፍጥነትዎ ይገርመኛል። ግን ስብሰባ ላይ መቀመጥ አይችሉም፤ ሰው ሳይጨርስ ይመልሳሉ። ኮች እንይዝልዎታለን።"

ያን ቦታ ፈልጌዋለሁ። መጥረጊያ ይዤ የገባሁበት ቤት ውስጥ ወንበር ላይ መቀመጥ ፈልጌ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም የምመኘው። ኮች ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። አሰልጣኝ ሲባል እኔ የማውቀው የኳስና የሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ ነው። ተኩስ አያስተምረኝ እንጂ ሩጫማ አያቅተኝም ብዬ ሄድኩ።

ቢሮው ከዚራ ሰፈር ነው፤ ከጥንቶቹ የምድር ባቡር ቪላዎች በአንዱ፣ በረንዳው ላይ ዛፍ ያጠላበት ክፍል። ሰውዬው ነስሩ ይባላል። በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል፤ ባንክ ቤት ሠራተኛ አስተዳደር ላይ ብዙ ቆይቶ ነው ወደዚህ ሙያ የገባው። በመጀመሪያው ቀን ሥራ አስኪያጁም አብሮ መጥቶ ነበር። ነስሩ ለሁላችንም ውሃ ቀዳና ወደሱ ዞሮ፣ "እሷ እዚህ የምታወራው እዚህ ይቀራል። እኔ ለአንተ የምነግርህ መጣች ወይም ቀረች ብዬ ብቻ ነው። ሌላውን ከፈለገች ራሷ ትነግርሃለች" አለው። "አንተ" ሲለው የሥራ አስኪያጁን ፊት ባያችሁት። ቢሆንም ተስማማ። ይህ ስምምነት በኋላ በጣም ጠቅሞኛል፤ ኮች ስትይዙ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ።

በሁለተኛው ቀን ብቻዬን ሄድኩ። እኔ የመሰለኝ ሽምግልና ነው። በኛ ወግ ችግር ሲገጥምህ ነገርህን ታስረዳለህ፣ ሽማግሌው ያዳምጣል፣ ከዚያ ጥፋተኛውን ለይቶ ይፈርዳል። ስለዚህ የሠራተኛውን ስንፍና፣ የመጋዘኑን ሰውዬ፣ ስብሰባ የሚያንዛዛውን ሁሉ አንድ በአንድ ከሰስኩ። መቀመጥ ስላልቻልኩ ቆሜ ነበር የማወራው። ስጨርስ "እንግዲህ ፍረድ" አልኩት።

ነስሩ ሳቀ። "እኔ አልፈርድም።"

"ታዲያ ምንድን ነው ሥራህ?"

"እጠይቅሻለሁ።"

"ጥያቄማ እናቴም ትጠይቀኛለች፣ ያውም በነፃ።"

"እሷ መልሱን ይዛ ነው የምትጠይቅሽ። እኔ አልያዝኩም" አለኝ።

አልጣመኝም። ምክር ፈልጌ ሄጄ ጥያቄ ይዤ መመለስ ምን ይሉታል? ከጥያቄው ደግሞ ዝምታው ባሰብኝ። ይጠይቅና ዝም ይላል። እኔ ዝምታ ባየሁ ቁጥር መሙላት አለብኝ። አወራለሁ፣ እነሳለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ስብሰባ ላይ አንድ ሰው እስኪጨርስ እንድጠብቅ ተስማምተን ሞከርኩት። ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ልቤ ግን ደረጃ እንደወጣ ሰው ይደልቃል፣ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ይህንኑ ስነግረው ነስሩ እጄን አየ። ከዚያ አንገቴን አየ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቀየሚኝ" አለ። "ትቅሚያለሽ?"

"አንተም?" አልኩት። ቦርሳዬን አነሳሁ።

"ቆይ፣ አልቅምም ካልሽ አምንሻለሁ። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ቅሜ የተውኩ ሰው ነኝ፤ ምርቃናን አውቀዋለሁ። ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። ሲወርድ ሰው ዝም ይላል፣ ግድግዳ ያያል። አንቺ ጠዋት መጣሽ፣ ከሰዓት መጣሽ፣ ያው ነሽ። ያንቺ አይወርድም። ይሄ የባህሪ ነገር አይመስለኝም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"አላውቅም፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን ሐኪም ሳያይሽ እኔ ብቀጥል ሰው ማታለል ነው የሚሆንብኝ። ታይተሽ ነይ፤ እጠብቅሻለሁ።"

እሱም አባረረኝ ብዬ እያለቃቀስኩ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ዛሬ ሳስበው የኮችን ጥሩነት የሚያሳየው ይህ ነው። የማይችለውን አልነካም።

ሆስፒታል ያገኘኋት ዶክተር ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። እጆቼን ወደ ፊት አስዘርግታ ጣቶቼ ላይ ወረቀት አስቀመጠች። ወረቀቱ ተርገፈገፈ። ውሃ አጠጥታ ስውጥ አንገቴን ዳሰሰች። ደም አስመረመረችኝ፤ ቲኤስኤች የሚባለው ሆርሞን በጣም ወርዶ፣ ቲ ፎር ደግሞ ከልክ በላይ ወጥቶ ተገኘ።

"አንገትሽ ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ያለ ልክ እየሠራ ነው" አለችኝ። "ሃይፐርታይሮይዲዝም ይባላል። ተኝተሽም ሰውነትሽ ይሮጣል።"

ፕሮፒልታዮራሲል ለዕጢው፣ ፕሮፕራኖሎል ለልብ ምቴ አዘዘችልኝ። አስጠንቅቃም ነው የላከችኝ። "ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣብሽ የዕጢውን መድኃኒት ሳትወስጂ በዚያው ሰዓት ነይ፣ ደምሽን አያለሁ። ከዚያ ውጪ በራስሽ እንዳታቆሚ።"

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። "ታዲያ ጫት አይደለም?" አለች። "አይደለም።" ተቀመጠችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሕመም መሆኑ ደስ ያላት እናት እሷን ብቻ ነው ያየሁት።

መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ሠራ። ቁልፉ ቀዳዳውን አገኘ። ልቤ ከጆሮዬ ወጣ። ግን ሌላም ነገር አብሮ ሄደ። እግሬ ከበደኝ። ፈረቃው ሳያልቅ ይደክመኛል። ሁለቱን ሥራ መያዝ አቃተኝና አንዱን ለሰው ሰጠሁ። የምናሽገው ቀነሰ። ልጆቹ "ማሽኗ ዘይት አለቀባት" እያሉ ይስቃሉ፤ ክፋት የለውም፣ ቀልድ ነው፣ ግን ይወጋል። ሥራ አስኪያጁ በአጠገቤ ሲያልፍ "ምነው ቀዘቀዙ?" አለኝ። ሹመቱ የሚወሰንበት ጊዜ ቀርቦ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሰው ሁሉ የወደደልኝ ጉልበት ሕመሜ ነበር። እኔም ወድጄው ነበር። ያለሱ ማን እንደሆንኩ አላውቅም። ፈራሁ። ክኒኖቹን ተውኩ። ሹመቱ እስኪያልፍ ብቻ ነው ብዬ።

ፍጥነቱ ተመለሰ። ዘፈን እያንጎራጎርኩ ነስሩ ጋ ሄድኩና እንደ ጀብዱ ነገርኩት። እሱ አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ለዶክተርሽ አሁን ደውዪ። እስክትደውዪ ድረስ ስለ ሹመቱ አንድ ቃል አናወራም።"

"ፋብሪካው የሚከፍልህ እኮ እንድታሾመኝ ነው።"

"ለሞትሽ ግን አልከፈለኝም" አለ። ድምፁ ከፍ ብሎ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። በሩን በርግጄ ወጣሁ።

በማግስቱ መስመሩ ላይ ነበርኩ። የማሸጊያው ማሽን ድምፅ ራቀብኝ። ልቤ ዘለለ። ቆመ። እንደገና ዘለለ። ምቱ ሥርዓት የለውም። እጄን ወደ ማቆሚያው ዘረጋሁ። አልደረስኩም። ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር። የመኮሮኒ ዱቄት ሸተተኝ። አንዷ ስሜን ትጠራለች።

ሆስፒታል። ደረቴ ላይ ገመድ። ኢሲጂ፣ የልብ ምት መመዝገቢያ። ዶክተሯ መጣች። አልተቆጣችም። "ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው፤ የላይኛው የልብሽ ክፍል ሥርዓት አጥቶ እየተንቀጠቀጠ ነው" አለች። "እዚያ ደም ሊረጋ ይችላል። ወደ ጭንቅላት ከሄደ ሽባ ያደርጋል። መቼ አቆምሽ?" ነገርኳት። እማዬ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። ሰማች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እሱ ከሁሉም የከፋ ነበር።

የልብ ምቴ ተረጋግቶ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ተጨምሮልኝ፣ ከአልጋ ወርጄ በኮሪደሩ ግድግዳ እየያዝኩ መሄድ በጀመርኩበት ሳምንት ነስሩ ፓፓያ በፌስታል ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። የበረገድኩትን በር አስታውሼ አንገቴን ሰበርኩ። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና "አቦ ተረጋጊ፣ ዛሬ ጥያቄ የለም" አለኝ። እማዬ ፓፓያውን ቆርጣ ለሦስታችን አካፈለችን፤ ስለ ከተማው ሙቀትና ስለ ባጃጅ ሾፌሮች ጠባይ እየተጫወትን በላን።

ወደ ሥራ ስመለስ ከዚራ መሄዴንም ቀጠልኩ። አሁን የነስሩ ጥያቄ አንድ ሆነ፦ ከማሽኗ ውስጥ ያንቺ የቱ ነው? መጀመሪያ ምንም የለም አልኩት፤ ሁሉም የዕጢው ነው አልኩ፣ ተናድጄም አለቀስኩ። ዝም አለ። የዚህን ጊዜ ዝምታውን ለመሙላት አልተጣደፍኩም። ቆይቶ ቆይቶ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የማሸጊያው ማሽን ላስቲኩን ማቃጠል ከመጀመሩ በፊት ድምፁ ትንሽ ይሻክራል፤ እኔ ያንን የምሰማው ገና የጽዳት ሠራተኛ ሳለሁ ጀምሮ ነው። ማን ከማን ጎን ቢቆም እንደሚጣላ፣ የትኛዋ ልጅ ታማ እንደመጣችና እንዳልተናገረች አውቃለሁ፤ ይህም ከሕመሜ በፊት የነበረ ነው። ነስሩ "እነዚህ ጥድፊያ ይፈልጋሉ?" አለኝ። አይፈልጉም። እንዲያውም ስጣደፍ አልሰማቸውም ነበር።

ሥራ አስኪያጁን ራሴ ላናግረው ወሰንኩ። ሕመሜን መንገር ግዴታዬ እንዳልሆነ ነስሩ ደጋግሞ ነግሮኛል፤ ምርጫው የኔ ነበር። ተለማመድን። ነስሩ ሥራ አስኪያጁን ሆኖ "እርስዎ" ሊለኝ ይሞክርና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ "አንቺ" ውስጥ ይገባል፤ እንደዚያ የሳቅሁበት ቀን የለም። ከዚያ ገባሁና ነገርኩት። "ያ ፍጥነት ሕመም ነበር፣ አይመለስም። የማሽኖቹን ድምፅ አውቃለሁ፣ ሰዎቼን አውቃለሁ። በዚህ ከፈለጉኝ አለሁ።" ሳላቋርጠው መልሱን ጠበቅሁ። "ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፣ ላስብበት" አለኝ።

ቦታውን ለሌላ ሰጠው። ከሌላው ፈረቃ ለመጣ ፈጣን ልጅ።

የሰማሁት ቀጠሮ በነበረኝ ቀን ነው። ሰዓቱ ድሬ በሯን ዘግታ የምታርፍበት፣ ውሻ እንኳ ጥላ የሚፈልግበት ቀትር ነበር። ነስሩ ቢሮ ገብቼ ለረጅም ጊዜ አለቀስኩ። የመጥረጊያውን ነገር ነገርኩት፤ ያን ወንበር ምን ያህል እንደፈለግሁት። ሐዘኔን አላቃለለም፤ "ይሻላል" ወይም "ለበጎ ነው" አላለኝም። ከዚያ በዚያው ወንበር ላይ፣ ያን ሁሉ ቀን መቀመጥ ባቃተኝ ወንበር ላይ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ መስኮቱ ፀሐይ እንዳያስገባ ተዘግቷል፤ ነስሩ በረንዳ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ቀጠሮዬን ሙሉ ተኝቼ ነበር። "ምነው አትቀሰቅሰኝም?" ስለው፣ "ወረደልሽ እኮ" አለ።

ዛሬም የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። መድኃኒቴን እወስዳለሁ፣ ደሜን እመረመራለሁ፣ አንዳንዴ አሁንም ሁለት ጣቴን አንጓዬ ላይ አድርጌ ምቴን አዳምጣለሁ፤ ያ ፍርሃት በአንዴ አይለቅም። አዲሱ ኃላፊ ማሽን ሲሻክር ይጠራኛል። ቅናቱ አልለቀቀኝም፣ ሲለቀኝ እነግራችኋለሁ።

ያቺን ዶክተር፣ ወለሉ ላይ ስወድቅ ስሜን ስትጠራ የነበረችውን ልጅ፣ ነስሩን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለናንተ የምለው ብዙ አይደለም። ምልክቱ ካለባችሁ "ትቅማለህ፣ ትቅሚያለሽ" የሚላችሁን ሰው ተቀይማችሁ ቤት አትቅሩ፤ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሂዱና ታይሮይዳችሁን አስመርምሩ። ሲሻላችሁ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ። ኮች ከያዛችሁ ፍርድ አትጠብቁ፤ ጥያቄውን ታገሡት፣ "ይሄ ከኔ በላይ ነው" የሚለውን ሰው እመኑት። ስለ ጤናችሁ ደግሞ ጉልበታችሁን የወደዱላችሁን ሰዎች አትጠይቁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ውስጥ ምንጣፉ ላይ ጋደም ስል አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል። ባለፈው ዓይኔን ስገልጥ እማዬ ፊቴ ላይ አጎንብሳለች።

"ደግሞ ልታሸቺኝ ነው?" አልኳት።

መዳፏ አፍንጫዬ ሥር ነበር። "አይ፣ እንዲህ ዝም ብለሽ ተኝተሽ አይቼሽ አላውቅም" አለች። "ትተነፍሻለሽ ወይ ብዬ ነው።"